ለከርሞ የሚከፈል ጥሩምባ

ሾላ፣ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ አምሃ ወልደ ሐዋርያት
ጂንካ

ጤና ይስጥልኝ። «ምን አስቸኮለሽ ልጄ?» ብለው ትናንት የላኩልኝን አንድ መስመር አነበብኩት። እናቴ ለትልቅ ሰው ክፉ መልስ አይመለስም ብላ ስላሳደገችኝ ቁጭ ብዬ በወጉ ልመልስልዎ።

ያስቸኮለኝ ይኼ ነው። ግንቦት 1 ቀን በቴሌግራም ቻናሌ ላይ አንድ የእድር ጥሩምባ ለጨረታ አቀረብኩ። ናስ ነው፤ አፉ ትንሽ ተጣሟል፤ በጎኑ በቀይ ቀለም «የየካ ሚካኤል ላይኛው ሰፈር መረዳጃ እድር» ተብሎ ተጽፎበታል። አሥራ አንድ ሰው ተጫረተ። እርስዎ ዘጠኝ ሺህ ብር ብለው አሸነፉ፣ ጨረታው ተዘጋ። በቻናሉ ሕግ ያሸነፈ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ይከፍላል። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናችን ነው።

ዕቃው የኔ አይደለም፤ እኔ አሻሻጭ ነኝ። ያመጡት ሰው በየቀኑ ይደውሉልኛል። ሁለተኛ የወጣው ተጫራች ደግሞ «እሳቸው ካልፈለጉት ለኔ» እያለ ነው። በዚህ ወር ብቻ አንዱ የልብስ ስፌት መኪና አሸንፎ «ስልኬን ልጅ ነካክቶት ነው» አለኝ። አንዷ ሬዲዮ አሸንፋ ስልኳን ዘጋችብኝ። አንዱማ «እኔ እኮ ዋጋ ላሙቅ ብዬ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ያበጠው ይፈንዳ ብዬ «አሸንፈው ያልከፈሉ» የሚል ዝርዝር ከፍቻለሁ፤ ስም ከነአባት ይጻፋል፣ ሁሉም ያየዋል። እስከ ዓርብ ካልከፈሉ የእርስዎም ስም እዚያ ይገባል።

ትልቅ ሰው መሆንዎን ከፎቶዎ አይቻለሁ፤ ቅር እያለኝ ነው የምጽፈው። ግን ንግድ ላይ ትልቅ ትንሽ ብዬ ልለይ አልችልም።

ከአክብሮት ጋር
ጵርስቅላ ነአምን


ጂንካ፣ ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጵርስቅላ ነአምን

እንደምን ከረምሽ? ቤተሰብሽስ፣ ንግድሽስ፣ የሾላ ሰው ሁሉ እንደምን አለ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ካኮረፈኝ ቆይቷል። ዘግይቼ ስለመለስኩልሽ ይቅር በዪኝ። በስልክ መጻፍ አልሆነልኝም፤ አንድ መስመር ጽፌ ሦስት መስመር ሳጠፋ ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ እንደ ልማዴ በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ። ተዘቅዝቆ ከደረሰሽ ስልክሽን አዙሪው። አንቺም ስትመልሺ እንደ ሰው በረጅሙ ጻፊልኝ፤ እነዚያን የሚስቁ ፊቶች አልወዳቸውም።

ልጄ፣ እኔ አጭበርባሪ አይደለሁም። ነገሩ እንዲህ ነው።

በኛ ሰፈር ግንቦት ልደታ ሲመጣ፣ ንፍሮው ከተቀመሰ በኋላ ከትልቁ የጽድ ዛፍ ሥር ጨረታ ነበር። የሚሸጠው አንድ ትልቅ ዳቦ ነው። ሰዉ እየተሳሳቀና እየተሳደበ ዋጋ ይሰቅላል፤ አምስት ብር የማያወጣ ዳቦ ሦስት መቶ ብር ይገባል። ብሩ ለእድሩ ነው፤ ለቀብሩ የሚሆን ላጣ ሰው ይውላል። ያሸነፈው ግን ያን ቀን ሳንቲም አያወጣም። የሚከፍለው በዓመቱ፣ በሚቀጥለው ልደታ ነው። «ለከርሞ ያድርስህ» ተብሎ ይመረቃል፣ ዳቦውን ያኔውኑ ቆርሶ ለሰፈሩ ያበላል። ዕዳ ይዞ ዓመቱን መሻገር ለኛ ምርቃት ነበር። እኔ የእድሩ ዳኛ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ያንን ጨረታ አጫርቻለሁ።

አሁን ስህተቴን ተመልከቺ። ልጄ እየሩስ እዚህ ጂንካ ነርስ ናት፤ እሷ የገዛችልኝን ስልክ እነካካለሁ። ቀኑ ልደታ ነው። ድንገት የኛ ጥሩምባ «ጨረታ» ከሚል ጽሑፍ ሥር ብቅ አለ። ያ ቀይ ቀለም እኮ የኔ የእጅ ጽሕፈት ነው። የሰፈሩ ልጆች የልደታን ጨረታ በስልክ ጀመሩት ብዬ እንባዬ መጣ። ከላይ የለጠፍሽውን ሕግ አላነበብኩም፤ ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ሲገባ ሕግ ያነባል? ዘጠኝ ሺህ ብዬ ስጮህ ልጄ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች።

«ያልከፈለስ አልነበረም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። እንዴታ! ለይኩን የሚባል አናጢ ሁለት ዓመት ሳይከፍል ቀረ። ሽማግሌዎቹ ስሙ በሕዝብ ፊት ይነበብ አሉ። እኔ በሦስተኛው ልደታ ጨረታውን ስከፍት «ለይኩን፣ በል ጀምርልን» አልኩት። አፍሮ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ለቀብርም አይወጣም ብዬ ነው። ዋጋ ጠራ፣ ሰዉ አጨበጨበለት፣ ከዚያ ወዲህ ያለበትን ሁሉ ከፈለ። የማናላላው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ በሕይወት ላለ ሰው ሌላ አይከፍልለትም። የሚከፈለው ለሞተ ነው። ልጅም ብትሆን አባቷ ቆሞ ሳለ ከከፈለች እንደ ቀበረችው ነው የሚቆጠረው።

እኔም ከጡረታዬ በየወሩ አስቀምጣለሁ፤ ለልደታ ይሞላል። ይኼ ካልሆነልሽ ንገሪኝ። ስሜን ግን አደራ። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ከጣፎ እስከ ጀሞ ሲበተን እኔ ይዤው የወጣሁት ስሜን ብቻ ነው።

አምሃ ወልደ ሐዋርያት


ሾላ፣ ግንቦት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አምሃ

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ታረቀዎ? ደብዳቤዎ የደረሰኝ በጎኑ ተኝቶ ነው፤ አንገቴን ጠምዝዤ አነበብኩት።

ትናንት ሲደውሉ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለውኝ ነበር። ገበያው ጮሆብኝ ሳልመልስልዎ ተቋረጠ። አባቴ ነአምን ወንጌላዊ ነበር፤ አሁን በሕይወት የለም። ልጅ ሳለሁ ከእናንተ ሰፈር በታች፣ ከወንዙ ወዲያ ተከራይተን እንኖር ነበር። ልደታን አውቃታለሁ፤ ግን በቆርቆሮ አጥር ቀዳዳ ነው። ያ ትልቅ ዳቦ ከሰው ራስ በላይ ሲነሳ አይቻለሁ፤ ሰዉ ለምን እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። አባቴን ስጠይቀው «የኛ አይደለም» ይለኛል።

ደብዳቤዎን ለእናቴ ለአፀደ አነበብኩላት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። አንድ ዓመት አንዲት ሴትዮ በአጥሩ ላይ ቁራሽ አቀብላት ነበር አለች። አባቴ ከመምጣቱ በፊት እኔና እሷ ተካፍለን በላነው። እኔ አላስታውሰውም። ባስታውሰው ብሎ ልቤ ይመኛል።

ብሩን በተመለከተ፣ እስከ ልደታ ይቆይ። ትናንት በስልክ ስለ ጥሩምባው ለጠየቁኝ፣ ደህና ነው። ስለ ስምዎም አያስቡ። የቸኮልኩት በደንብ ሳላውቅዎ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁንም ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለምን ሁለት ጊዜ እንደምል ለጊዜው አይጠይቁኝ።

ልጅዎ ጵርስቅላ


ጂንካ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ጵርስቅላ ነአምን

ጤና ይስጥልኝ።

ትናንት ሙሉጌጥ ከጣፎ ደወለችልኝ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ የነበረች ናት፤ ሰፈሩ ከተበተነ ወዲህ ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰላምታውን ጨረሰች። ከዚያ «አምሃ፣ ተቸግረህ ነው እንዴ? ጥቂት ሆነን እናዋጣልህ?» አለችኝ። «ምኑን ነው የምታዋጡት?» ብላት ፎቶ ላከችልኝ።

አየሁት። «አሸንፈው ያልከፈሉ» ይላል፤ ዘጠነኛው እኔ ነኝ። አምሃ ወልደ ሐዋርያት፣ የእድር ጥሩምባ፣ የካ ሚካኤል። ከኔ በላይ ያለው ያ «ዋጋ ላሙቅ ብዬ ነው» ያለሽ ሰውዬ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ቻናሉ ላይ ብፈልግ የለም፤ አንስተሽዋል። ያየው ግን አይቶታል። «ስለ ስምዎ አያስቡ» ብለሽ ስትጽፊልኝ ስሜ ተሰቅሎ የወረደ ነበር ማለት ነው። ሙሉጌጥ ልደታን እያወቀች፣ እኔንም እያወቀች «ተቸግረህ ነው» ካለችኝ፣ ሌላው ምን ይለኝ ይሆን? ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስም ሸፍኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። አዝኛለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጥሩምባው ደህና ነው ብለሽኛል። የት ነው ያለው?

አምሃ


ሾላ፣ ሰኔ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አምሃ

በምን አፌ ሰላም ልበልዎ?

ጥሩምባው እንጦጦ ነው። ግንቦት 16፣ ዓርብ፣ ስምዎን ለጠፍኩ። በማግስቱ ጥሩምባውን ለሁለተኛው ተጫራች ሸጥኩት። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከዚያ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው። ስምዎን ያኔውኑ አነሳሁ፤ የሸጥኩትን ግን ከየት ላምጣው? «ደህና ነው» ስልዎ አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ አልተሰበረም፣ ደህና ነው ብዬ። ውሸት ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ከራጉኤል አለፍ ብሎ ባሕር ዛፉ መሃል የተሠራ ላውንጅ ነው። ጥሩምባችሁ ከከሰል ካውያና ከአሮጌ ፋኖስ መሃል ተሰቅሏል፤ መብራት ተደርጎለታል፤ ወጣቶች ከሥሩ ፎቶ ይነሳሉ። ባለቤቱን «ገንዘብህን ልመልስልህ፣ ዕቃውን ስጠኝ» አልኩት። «ሃያ አምስት ሺህ» አለኝ። «ምን ያደርግልሃል?» ብለው «ድባብ ይሰጣል» አለ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «የኔ ልጅ፣ ይኼ እኮ ሞት መንገሪያ ነው፤ ምግብ የሚበላበት ቤት አይሰቀልም» አለችው። ሰውዬው ደነገጠ። አስተናጋጆቹም ቀና ብለው አዩት። ግን አላወረደውም።

ቁልቁል ስንመጣ እናቴ «ስም ከለጠፍሽ በኋላ ነው ሰውዬው ማን እንደሆኑ የጠየቅሽው?» አለችኝ። በዚያ ዝርዝር ሌሎች ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ የማንኛቸውንም ታሪክ አልጠየቅኩም። ዝርዝሩን በሙሉ አንስቼዋለሁ።

እንግዲህ ብሩን አይክፈሉ። የሚረከቡት ዕቃ የለም። የወይዘሮ ሙሉጌጥን ቁጥር ይላኩልኝ፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ራሴ እነግራቸዋለሁ። እርስዎ ካልፈለጉ መልስ አይጻፉልኝ። እኔ ግን መጻፌን አልተውም።

ጵርስቅላ


ጂንካ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጵርስቅላ

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። ክረምቱ እንደምን አለፈልሽ? እናትሽ አፀደስ ደህና ናት? ለላውንጁ ሰውዬ የተናገረችውን ለእየሩስ ነግሬያት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በሰኔ ለጻፍሽልኝ በጥቅምት ስመልስ አፍራለሁ። ምክንያት ልፈጥርልሽ አልችልም፤ አኩርፌ ነበር። ሽማግሌ ሲያኮርፍ አንድ ክረምት ምንም አይደለም። ከዚያ ወዲህ የላክሻቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ሰፈሩ ድረስ ሄደሽ ጽዱ መኖሩን ያየሽበትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በቆርቆሮ ቢታጠርም ጫፉ ይታያል ብለሻል። ጫፉ ከታየ ይበቃል።

በአጥሩ ላይ ቁራሽ ያቀበለችው ሴትዮ ማን ናት ላልሽኝ፣ ባለቤቴ ብዙነሽ ናት ብዬ ብምል ደስ ባለኝ። እሷ እንዲህ ያለ ነገር ታደርግ ነበር። ግን ሌሎቹም ያደርጉ ነበር፤ ልዋሽሽ አልፈልግም።

ጥሩምባውን የምወደው ደግ ወሬ ስለነገረኝ እንዳይመስልሽ። ብዙነሽ ያረፈችው ሊነጋጋ ሲል ነው። ኤቢሳ የሚባለውን ለፋፊያችንን ራሴ አስጠርቼ ነገርኩት፤ «ንፋው» ያልኩት እኔ ነኝ። ጥሩምባው ሲነፋ ግን እንደ ወትሮው ደንግጬ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ «ማን አረፈ?» ብዬ። ጎረቤቶቼ ወደኔ ሲሮጡ ሳይ ነው የገባኝ። ሃምሳ ቤት ነው ባንዴ የሮጠልኝ። አሁን ያ ዕቃ በመብራት ሥር ፎቶ መነሻ ሆነ ስትዪኝ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት።

ስለ ብሩ አስቤበታለሁ። እከፍላለሁ። ዕቃው የለም ብለሽኛል፤ ዳቦውም እኮ በዚያው ቀን ይበላ ነበር። ሁላችንም በዓመቱ ስንከፍል የኖርነው ለሌለ ዳቦ ነው። አንቺ ጥሩምባውን ሸጠሻል፤ እኔ ግን በልደታ ቀን ሰው ፊት ዋጋ ጠርቻለሁ። ለሙሉጌጥ እንዳትደውዪ። ልደታ ሲመጣ ነገሩ ራሱ ይነግራታል።

አምሃ


ሾላ፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አምሃ

እንኳን ለልደታ አደረሰዎ! እኔ ይህን ቃል ስጽፍ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ።

ዛሬ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ስልኬ ጮኸ። ዘጠኝ ሺህ ብር፣ ከአምሃ ወልደ ሐዋርያት፣ ምክንያት፦ የአምናው ልደታ። መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ታክሲ ተራ ላይ ሰው እየገፋኝ ያልፋል፣ እኔ ቆሜያለሁ።

የደበቅኩዎት አንድ የመጨረሻ ነገር አለ። ባለፈው ሐምሌ ልጅዎ ሲስተር እየሩስ ዘጠኝ ሺህ ብር ላከችልኝ። «አባቴ እንዳይሰማ። እህል አልወርድ ብሎታል። ተቀበይና ከፍሏል ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ልቀበል ነበር። ያኔ እርስዎ አኩርፈውኛል፣ ስምዎ በየሰው ስልክ ይዞራል፣ በአንድ መስመር ላጸዳው እችል ነበር። ግን በሕይወት ላለ ሰው አይከፈልም ያሉኝ ትዝ አለኝና መለስኩት። እየሩስ በጣም ተቆጣችኝ። «ያዋረድሽው አንቺ፣ ሕግ አስከባሪዋ አንቺ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሥር ወር ሙሉ ልክ መሥራቴን ሳላውቅ ነው የከረምኩት።

ዛሬ ቻናሉ ላይ ከጥሩምባው ፎቶ ጋር ይህን ጻፍኩ፦ «አምሃ ወልደ ሐዋርያት፣ የየካ ሚካኤል ላይኛው ሰፈር እድር ዳኛ የነበሩ፣ ባለፈው ልደታ የተጫረቱትን በሰፈራቸው ወግ በዛሬው ልደታ ከፍለዋል። አምና ስማቸውን ያለ አግባብ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።» እስካሁን ስድስት ሺህ ሰው አይቶታል። አንዲት ወይዘሮ ሙሉጌጥ የሚባሉ ከሥሩ «እልልልል» ብለው ጽፈዋል፤ መቼም እሳቸው ናቸው።

ብሩ የኔ አይደለም። ምን ላድርገው?

ልጅዎ ጵርስቅላ


ጂንካ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጵርስቅላ

እንኳን አብሮ አደረሰን። ተሳስተሽ አልጻፍሽም።

ብሩን ለበለጡ ስጪልኝ። ከጽዱ በላይ ትኖር የነበረች ባልቴት ናት፤ አሁን ኮተቤ ነው ያለችው። እዚያ ያለው እድር ለመግቢያ የጠየቃትን አጥታ እድር የላትም። ሙሉጌጥ ቤቷን ታሳይሻለች።

እየሩስን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ካደች፣ ቀጥላ አለቀሰች። አልተቆጣኋትም፤ ለአባቷ ብላ ነው። አንቺ ግን ተቀብለሽ ቢሆን ኖሮ እኔ ቆሜ ተቀብሬ ነበር። ስለዚህ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ጂንካ ከመጣሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰዉ ደግ ነው፤ ሲያየኝ ይነሳልኛል፣ ወንበር ይለቅልኛል። የሚጠራኝ ግን «የሲስተር አባት» ብሎ ነው። በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያንም የሲስተር አባት ነኝ። ስሜን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በነሱ አልፈርድም፣ ማን ነግሯቸው?

አምና ሙሉጌጥ ያንን ፎቶ ስትልክልኝ ተናደድኩ፣ አኮረፍኩ። እሱ እውነት ነው። ፎቶውን ግን አላጠፋሁትም። ልጄ ሥራ ስትሄድ፣ ብቻዬን ስሆን እያወጣሁ አየው ነበር። አምሃ ወልደ ሐዋርያት፣ የካ ሚካኤል ይላል። በክፉ ብትጽፊውም የኔ ስም ነው። እንደዚያ ከነአባቱና ከነሰፈሩ ተጽፎ ካየሁት ዘመን ሆኖኝ ነበር።

አሁን በደጉ ጽፈሽልኛል። ሌላ ዕቃ ስትለጥፊ ወደ ታች እየወረደ ይሄዳል፤ ይውረድ፣ ግድ የለኝም። ብቻ አታጥፊው።

አምሃ ወልደ ሐዋርያት